ቀኑን ሳትቆርጪ ኮላ አትክፈቺ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ልደታ ሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። ቅድመ አያቴ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ዘምተዋል። ቤታችን ውስጥ የደምበጊና ውጊያ ታሪክ ሲወራ ነው ያደግሁት። እዚያ ጀግኖቹ ላዩ ላይ የወጡበትን ትንሽዬ የጣልያን ታንክ ሞዴል ሠርቼ ለአያቴ መስጠት አስቤያለሁ። አክስቴ ለፋሲካ ከውጭ ስትመጣ የሚገጣጠመውን ኪት ታመጣልኛለች። ግን አንዱ ሳጥን ‹33›፣ ሌላው ‹35› ይላል። የትኛውን ልበላት? ሥዕሉ ላይ ያለው ቀለም የበረሃ ቢጫ ነው፤ ትክክል ነው? ታሪኩን የጠበቀ እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

እህቴ፣ ከቸኮልሽ አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። 33ን አስመጪ፣ ባለ ሁለት አፈሙዙን። የበረሃውን ቢጫ እርሺው። ጊዜ ካለሽ ግን ሻይ ቅጂና ቁጭ በይ። «ታሪኩን የጠበቀ» የምትለው ነገር ብዙ ሰው አንገላታለች። እኔንም ጭምር።

ጀማሪ ሁሉ «የጣልያን ታንክ ልሥራ» ብሎ ይነሳል። ችግሩ እዚያ ላይ ይጀምራል። ይህ ታንክ እኛ አገር ዘምቷል፤ ስፔን ዘምቷል፤ ሊቢያ በረሃ ላይ እንግሊዞች እጅ ወድቋል። በሄደበት ሁሉ መትረየሱ፣ ቀለሙ፣ ምልክቱ ተለዋውጧል። ሳጥኑ ላይ ያየሽው ቢጫ የሰሜን አፍሪካው ነው፤ ከኛ ጦርነት ወደ አምስት ዓመት ዘግይቶ የመጣ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀን ይቆረጣል። አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ ቀኑ ተቆርጦልሻል። የደምበጊና ውጊያ የተደረገው ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 15 ቀን 1935 ነው። ከዚህ በኋላ ግራ በተጋባሽ ቁጥር «ያን ዕለት ይሄ ነገር ነበረ ወይ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ግማሹ ጥያቄሽ በዚህ ይመለሳል።

33ን የመረጥኩትም በዚሁ መንገድ ነው። ቁጥሩ የዓመት ስም ነው፤ የ1933 እና የ1935 ሥሪት ማለት ነው፣ በፈረንጅ። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ሲጀመር 35ቱ ገና አራስ ነበር። 33ቱ ግን ወታደሩ እጅ ውስጥ ገብቶ ሰንብቷል። ታኅሣሥ ላይ ለተዋጋ ታንክ 33 ይሻለኛል። ብሮንኮ የተባለው የቻይና አምራች ሁለቱንም በ1/35 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሶ፣ አውጥቷቸዋል። ተጎታች ያለው እሳት የሚተፋ ዓይነትም አለ። አክስትሽ ሳጥኑ ላይ ተጎታች ካየች ትተወው።

ስሙንም እናስተካክል። ሳጥኑ «ኤል 3» ይላል። ይህ ስም የወጣለት ከኛ ጦርነት በኋላ ነው። በ1928 ጣልያኖቹ ራሳቸው «ካሮ ቬሎቼ» ነበር የሚሉት፣ ፈጣኑ ታንክ እንደማለት። በአጭሩ ሲ ቪ 33። ሞዴሉ የሚቆምበት እንጨት ላይ ስም የምታስቀርጪ ከሆነ ይሄንን አስቀርጪ።

አሁን ታንኩን እንተዋወቀው። አንሳልዶና ፊያት የሠሩት ነው። መነሻቸው ካርደን ሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ትንሽ ታንክ ነበር። ክብደቱ ከሦስት ቶን ትንሽ ያልፋል። ሞተሩ 43 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደህና መንገድ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ሾፌሩ በቀኝ፣ መትረየስ ተኳሹ በግራ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቆመሽ ብትጠጊው ጣራው ደረትሽ ጋ ነው የሚደርሰው።

የሚዞር ማማ የለውም። ለአንቺ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። መትረየሱ ከፊት ለፊት ወደ ግራ 12 ዲግሪ፣ ወደ ቀኝ 12 ዲግሪ ቢዞር ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ሰው ለመምታት ታንኩ ራሱ መዞር አለበት። ድንጋያማ በር ውስጥ፣ ከፊትም ከኋላም መንገድ ተዘግቶበት፣ የት ይዞራል? የራስ እምሩ ሰዎች ይህን በዓይናቸው አይተው ነው በጎንና በኋላ የመጡት። ላዩ ላይ ወጡበት። ቅድመ አያትሽ ያወሩት ጀብዱ ብቻ አይደለም፤ የታንኩን ድክመት በትክክል የሚገልጽ ወሬ ነው። ሞዴልሽ ላይ ተዋጊ የምታቆሚ ከሆነ ቦታው ኋላ ነው። ከመትረየሱ ፊት ቆሞ ጎራዴ የሚመዝ ሰው ሥዕል ላይ ያምር ይሆናል፤ ያ ሰው ግን ታሪኩን ለልጁ አያወራም ነበር።

አፈሙዙን ቁጠሪ። የመጀመሪያው ዙር ሥሪት አንድ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበረው። የሁለተኛው ዙር ጥንድ ባለ 8 ሚሊ ሜትር። እኛ አገር በተነሱት ፎቶዎች በብዛት የምናየው ጥንዱን ነው። ብዙ ኪት ለሁለቱም የሚሆን ዕቃ አጭቆ ይመጣል። መመሪያውን ሳታነቢ ከቆረጥሽ ትሳሳቻለሽ።

ሁለተኛው መለያ የላሜራው አያያዝ ነው። የ33ቱ በሪቬት፣ ማለትም አናቱ ድቡልቡል በሆነ የብረት ምስማር፣ እና በብየዳ የተያያዘ ነው። የ35ቱ በአብዛኛው በቡሎን። አንድ ነገር ታዝበሽ ታውቂያለሽ? ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ታንኩን የሠራው ሰውና ጎጃም በረንዳ ያለው መካኒክ ስለ ታንኩ ቢያወሩ ከግማሽ በላይ ይግባባሉ።

ኪቱን በብርጭቆ ወረቀት ስታሺ አንዳንድ ሪቬት ይጠፋል። ደግሞ መሥራት ቀላል ነው። የእንጨት ኮላ በመርፌ ጫፍ ነክተሽ ጠብ አድርጊ። ሲደርቅ ድቡልቡል አናት ይሆናል። በእርሳስ መስመር ሳታሰምሪ ግን አትሞክሪው፤ የሪቬት ረድፍ ከተንጋደደ ከሩቅ ይጮሃል። ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ከፈለግሽ ደግሞ ያለቀ ቢክ እስክርቢቶ አለሽ። ቀፎውን ሻማ ላይ አሙቂና ቀስ ብለሽ ሳቢው። እየቀጠነ ይሄዳል፣ ስድስት ጎኑን ግን አይለቅም። ከዚያ በምላጭ ስስ ስስ አድርጎ መቁረጥ ነው። መስኮት ክፈቺ፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም።

ልኬት ላይ አንቺ ከኔ ትበልጫለሽ፣ ሙያሽ ነው። ያም ሆኖ 1/35 የእናንተ ስኬል አይደለም። ሥነ ሕንፃ ውስጥ 1/50 እና 1/100 ነው የለመድሽው። 1/35 ከየት መጣ ብትዪ፣ ታሚያ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ፣ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲሠራ ሞተርና ባትሪ ሆዱ ውስጥ እንዲገባለት አሰፋው። በኋላ ሲለኩት 1/35 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ዓለም በሙሉ ያንን ይዞ ቀረ። ለባትሪ ድንጋይ ሲባል የተወለደ ስኬል!

በዚህ ልኬት ታንክሽ ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት የክብሪት ሳጥን ብትቀጣጥዪ ከዚህ ይበልጣል። ወፍራሙ የፊት ብረት 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲካፈል 0.4። ይሄን የምልሽ ብዙ ሰው የተሰበረ ክፍል በአሮጌ ኤቲኤም ካርድ ስለሚተካ ነው። ካርዱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። በእውነተኛው ታንክ 27 ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነው፤ ይህ ታንክ በሕልሙም ያላየው ውፍረት። ቀጭን ፕላስቲክ ከፈለግሽ ምናለሽ ተራ ዙሪ፤ የዕቃ ማሸጊያውን በጣትሽ እየዳሰስሽ ትመርጫለሽ። ጠርዙን በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እያራስሽ አለስልሺው።

ሰንሰለቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የትልልቅ ታንክ ሞዴል ሠሪዎች የላይኛው ሰንሰለት ረገብ ብሎ እንዲታይ ያደርጋሉ። አንቺ እንዳታደርጊው። ሲ ቪ 33 ላይ የላይኛው ሰንሰለት የእንጨት መሮጫ ላይ ነው የሚንሸራተተው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሮጫውን የእንጨት ቀለም ቀቢው። ሰው ባያየውም አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰንሰለቱን በጥርሱ የሚጎትተው ጎማ ያለው ከፊት ነው፤ ገልብጦ የገጠመ ሰው አውቃለሁ።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው።

ፎቶ አለን፣ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ሰው ፎቶ አይቶ «ጠቆር ያለው አረንጓዴ፣ ነጣ ያለው ቡናማ ነው» ይላል። እንዴት አወቀ? በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ፊልም አገልግሎት ላይ ነበር። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ቀይ ብርሃን አያይም። ቀይ ነገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ በርበሬ ከሰል ይመስላል። ፓንክሮማቲክ የሚባለው ግን ቀይንም ያያል። ስለዚህ ቀላ ያለ ቡናማ በአንዱ ፊልም ከአረንጓዴው ይጠቁራል፣ በሌላው ይነጣል። ታንኩ አንድ፣ ፎቶው ሁለት።

ታዲያ የትኛው ፊልም እንደሆነ በምን ትለያለሽ? ባንዲራ ፈልጊ። የጣልያን ወታደር ፎቶ ተነስቶ ባንዲራ አይጠፋም። ከእንጨቱ በኩል አረንጓዴ፣ መሀል ነጭ፣ ዳር ቀይ ነው። ቀዩ ጥላሸት መስሎ አረንጓዴው ነጣ ካለ ፊልሙ ኦርቶክሮማቲክ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ግራጫ ከሆኑ ፓንክሮማቲክ ነው። ከዚያ ወደ ታንኩ ተመለሺ። ይሄን ዘዴ ሳላውቅ አንድ ሞዴል ቡናማውን በአረንጓዴ ቦታ፣ አረንጓዴውን በቡናማ ቦታ ቀባሁት። ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ሲያደንቀው ነበር። እኔው ራሴ ነኝ በኋላ የደረስኩበት። እስካሁን ሳየው ያሳፍረኛል።

በፎቶዎቹ ላይ ወጥ ቀለም ያላቸውም፣ እንደ ነብር ጠቃጠቆ የሆኑም ሲ ቪዎች ይታያሉ። እኔ ብሆን ላንቺ ቀላ ያለ ቡናማ መደብ ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጠቃጠቆ እመርጣለሁ። የጠቃጠቆው ጠርዝ ጥርት ብሎ የተቆረጠ አይሁን። ሁለቱንም ቀለም በጥቂት ነጭ አደብዝዢ። ትንሽ ነገር ላይ ደማቅ ቀለም መጫወቻ ያስመስላል።

ቀለሙ ውኃ ወለድ አክሪሊክ ይሁን። ቫዬሆ የሚባለው ጥሩ ነው። ቀይ ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴና ነጭ፣ ሦስት ጠርሙስ ይበቃሻል። ውኃ ወለድ ያልኩት በምክንያት ነው። አንዳንዱ የሞዴል ቀለምና ፈሳሽ ማጣበቂያ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ይወስዱባታል። አክስትሽን ቦሌ ሳትደርስ አታጨቃጭቂያት። ለማጣበቂያ እዚሁ ሱፐር ግሉ ይበቃል፤ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነው የሚነካው፣ ከቱቦው አይንጠባጠብም። በበጋ አየራችን ደረቅ ነው፣ አክሪሊክ ብሩሹ ላይ ይደርቅብሻል። ትንሽ ቀድተሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብሩሹን እያራስሽ ሥሪ።

የመኪና ቀለም ግን በፍጹም። የመጀመሪያ ሞዴሌን አንድ ጋራዥ ወስጄ በናይትሮ አስረጨሁት። ልጁ በጣም ጎበዝ ቀቢ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ናይትሮው ፕላስቲኩን በላው። ታንኩ እንደ ድርቆሽ ተሰነጣጥቆ ተመለሰ።

ምልክት ላይ ቆጣቢ ሁኚ። ኪቱ ውስጥ ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች፣ ነጭ ሰረዝ ያለባቸው ይኖራሉ። ታንኩ የየትኛው ሻምበል ጦርና የየትኛው መቶ እንደሆነ የሚያሳዩ ናቸው። ያ አሠራር የመጣው በፈረንጅ 1938 ነው። ታኅሣሥ 1928 ላይ ምንም ቦታ የላቸውም። ፎቶ ላይ ያላየሽውን ምልክት አትለጥፊ። ባዶ መተው ስህተት አይሆንም።

ፎቶውን ከየት እንደምታገኚ ልንገርሽ፣ ከቤትሽ ሩቅ አይደለም። ስድስት ኪሎ ግቢ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ፎቶም መጽሐፍም አለው። ወመዘክርም ሂጂ። ራስ እምሩም፣ አብረዋቸው የዘመቱት ሐዲስ ዓለማየሁም የዚያን ዘመን ማስታወሻ ጽፈዋል። ከፎቶው በፊት እነሱን አንብቢ። የጣልያኑ ሉቼ ተቋም ደግሞ የጦርነቱን ፎቶና ፊልም በኢንተርኔት አስቀምጧል። ጠቃሚ ነው፣ ግን ልብ በይ። ሉቼ የሙሶሊኒ የፕሮፓጋንዳ ካሜራ ነበር። ታጥቦ የተሰለፈ ታንክ እንጂ የተማረከ ታንክ ላንቺ ብሎ አያነሳም።

የጣልያን ፎቶ ጀርባ ላይ በሮማውያን ቁጥር 14 ተጽፎ ብታዪ አትደናገጪ። ፋሺስቶች ሮም ከገቡበት ከ1922፣ በፈረንጅ፣ ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር። 14ኛው ዓመት ከኦክቶበር 1935 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1936 መጨረሻ ነው። የደምበጊና ቀን እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ይሄ አቆጣጠር ባዕድ ከሆነብሽ ተቋሙ ደጅ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ እዪው። ጣልያኖቹ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የኛ አንበሳ ተቀምጦበታል። እዚያ ግቢ በሄድኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ።

አቧራ። ሞዴል ሠሪ ጭቃ ይወዳል፤ ታንኩን እስከ አንገቱ ይለቀልቀዋል። ታኅሣሥ ውስጥ ምን ጭቃ አለ? ሣሩ ደርቋል፣ አዝመራው ታጭዷል። ያንቺ ታንክ አቧራ ነው የሚለብሰው። አፈሩ ደግሞ የእንጦጦ ቀይ አፈር እንዳይሆን፤ ሽሬ ዘመድ ካለሽ ደጁ ላይ ያለውን መሬት በስልክ ፎቶ አስነሺ። እውነተኛ አፈር ከተጠቀምሽ በወንፊት ሳይሆን በስቶኪንግ ንፊው። አንድ ሚሊ ሜትር የአሸዋ ቅንጣት በ1/35 ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ድንጋይ ነው። እኔ ባለ ቀለም ጠመኔ በምላጭ ፍቄ፣ በደረቅ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እያሳሳሁ ነው የማበሰው። ጎኑ ላይ ይበዛል፣ ጣራው ላይ ይሳሳል። ሰው የወጣበት ቦታ ላይ አቧራው ይጠረግ፤ በባዶ እግር ልክ።

ሰዎቹን ከኪት አታገኚያቸውም። የአንድ ሜትር ከሰባ ሰው 4.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከሌላ ኪት የተረፈ ወታደር ወስደሽ ጫማውን ሞርደሽ፣ ኮቱን ፍቀሽ አስተካክዪው። ጋቢውን በሶፍት ሥሪ። አንዱን ሽፋን ለይተሽ፣ ውኃ የተቀላቀለ የእንጨት ኮላ ውስጥ ነክረሽ፣ በመርፌ እያጠፍሽ አልብሺው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቀለሙ ብርት ያለ ነጭ አይሁን። ያ ሰው ከጎጃም ተነስቶ ተከዜን ተሻግሮ ነው የመጣው።

የጣራው ሁለት ክዳኖች ይቀሩሻል። እነሱን በኮላ አትለጥፊያቸው፤ ልቅ አድርገሽ ተያቸው። ታንኩን አያትሽ ፊት አስቀምጪና አባታቸው ሲያወሩ ክዳኑ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ለጥፊው።